የነጣ ሁሉ አልሞተም

ግራንድ ፕሬሪ፣ ቴክሳስ
ጥር 13 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማትጠገቢው የጡት እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ዓይንሽን የሚያስለቅስሽ የአሸዋ ነፋስ ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? የግቢው የውኃ ጋን አሁንም በዚያው በጥላው ሥር ነው? መልሱ ቶሎ እንደማይደርሰኝ እያወቅሁ እጠይቃለሁ። ሰላምታ የእግዜር ነው፣ ተቆጥቦ አይቀመጥም ትዪን የነበርሽው አንቺ ነሽ።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስል ሁላችንም ማለቴ ነው።

ፊደል እንደማታነቢ አልረሳሁም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ይዞ ከአጠገብሽ ለተቀመጠው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው። ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። አስር ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ኖሬ ዛሬ ብድግ ብዬ የምጽፍልሽ ስለ ሥራዬ ነው። ምን ነካት ትይ ይሆናል። እንደ ድሮሽ መሐል ላይ ሳታቋርጪኝ እስከ መጨረሻው ስሚኝና ከዚያ የፈለግሽውን በዪኝ።

አባይነሽን ታስታውሻታለሽ አይደል? የጨው ማምረቻው ዘበኛ ልጅ፣ ያቺ ቁመተ ረጅሟ። እሷም እዚሁ ናት፤ አብረን ነው የምንሠራው። አክስቷ እናንተ ሰፈር ስላለች በገና ሰሞን ደውላላት ነበር። ጥቁር መልበስሽን፣ ከፋሲካ በኋላም ለልጅሽ ተዝካር ልታወጪ እህል ማሰናዳት መጀመርሽን ነገረቻት። ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው፤ የት ሄደ እያሉ ደጋግመው ጠየቁሽ፤ አላውቅም እያልሽ ማልሽላቸው፤ በመጨረሻ እንግዲህ ሞቷል ብለሽ ቆረጥሽ። ይህን ስሰማ እጄ ላይ የነበረውን ዕቃ ማስቀመጥ አቃተኝ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ሲጠራ እንዴት እንደምትሆኚ ነግረውኛል። ስለ እሱ እኔም የማውቀው የለኝም። ለሚጠይቁሽ ሰዎች እንዲሁ በያቸው፤ የጡት እህቱም የምታውቀው የለም በያቸው። ያለማወቅሽ እስከ ዛሬ ጠብቆሻል፣ ወደፊትም ይጠብቅሽ።

እንግዲህ ስለ ሥራዬ።

የምሠራው እዚህ ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ አንድ መጋዘን ነው። ግራና ቀኙ ሁሉ መጋዘን ነው፤ አንዱ ጎማ ያከፋፍላል፣ አንዱ ጫማ፣ አንዱ የቧንቧ ዕቃ። የእኛው የሚያከፋፍለው የባሕር እንስሳ ነው። እዚህ አገር ሰው ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ባሕር ያስቀምጣል ብልሽ ታምኚኛለሽ? ጨዋማ ውኃ ሞልቶ፣ መብራት ሰቅሎ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያየዋል። እንስሳቱ በአውሮፕላን በሳጥን ይመጣሉ፤ እኛ ከኤርፖርት ተቀብለን ገንዳ ውስጥ እናስገባለን፣ እናበላለን፣ እናጥባለን። ባለቤቴ ነጋሽ፣ ከአሰብ ባሕር ተነሥተሽ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ የመጣሽው ባሕር ልታጥቢ ነው እያለ ይስቅብኛል።

ከሁሉ በብዛት የምንይዘው ያንን አንቺ የባሕር አበባ የምትዪውን ነው። እነሱ ኮራል ይሉታል። ባሕሩ ሲሸሽ አንዳችንን በቀኝ አንዳችንን በግራ እጅሽ ይዘሽ ትወስጂን እንደነበር ትዝ ይልሻል? እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ። ጡትሽንም የተካፈልነው እንደዚያው ነው ይባላል። የወለደችኝ እናቴ በወሊድ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ፣ አንቺ በሃያ ቀን ቀድመሽ ወልደሽ ነበርና ቀኙን ለእሱ ግራውን ለእኔ ሰጥተሽ አራት ወር አሳደግሽኝ። ባሕሩ ዳር ስንደርስ፣ እንዳትረግጡት ይሰማዋል ትዪን ነበር። እኛ ደግሞ ድንጋይ ምን ይሰማዋል ብለን እንስቅብሽ ነበር። ቤት ስንመለስ ዓሣ ትጠብሺልናለሽ። እሱ የዓሣውን ጭንቅላት ለመጨረሻ ያስቀምጠዋል፤ እኔ ከሰሐኑ ላይ እነጥቀዋለሁ፤ ለቅሶ ይሆናል፤ አንቺ ሁለታችንንም ታባርሪናለሽ።

አሌክስ ይሙት፣ ስለ ድንጋዩ ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ።

አሌክስ አለቃዬ ነው። ወላጆቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ፎርት ዎርዝ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ያነክሳል። ዩኒቨርሲቲ የገባው የባሕር ነገር ሊማር ነው፤ እናቱ ሐኪም ይሆናል ብላ ስትጠብቅ የድንጋይ ሐኪም ሆነባት። እሱ እንዳስረዳኝ ኮራል ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። ድንጋይ የምንለው አጥንቱን ነው፤ ሥጋው ከላይ እንደ ስስ ሻሽ ለብሶታል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ አልጌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ዕፅዋት ይኖራሉ። እሱ ቤት ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሉታል። ከሚበላው ከአስር እጅ ዘጠኙን የሚያገኘው ከእነሱ ነው። ያ የምናደንቀው ቀለም፣ ቡኒው፣ አረንጓዴው፣ አብዛኛው የእነሱ ነው። ብቻውን ቢሆን ኮራል ቀለም የለውም።

ይህን ስሰማ ያንቺ ቤትና የእኛ ቤት ትዝ አለኝ። መሐላችን የነበረችው አጥር ለዶሮ እንኳ አትበቃም ነበር። እማዬ ብዬ ስጣራ ሁለታችሁም ወይ ትሉኝ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝልሽ። ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ፣ መጋዘኑ ውስጥ እኔና አባይነሽ ብቻ ነበርን። የቴክሳስ ነሐሴ ያው የአሰብ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ በማቀዝቀዣ መኖሩ ነው። የገንዳዎቹን ውኃ የሚያቀዘቅዘው ማሽን ቀጥ አለ። አሌክስ ማኪኒ የሚባል ከተማ ሰርግ ላይ ስለነበር ስልክ አያነሳም። ውኃው ሲሞቅ እኛ የአሰብ ልጆች ምን እንዳደረግን ልንገርሽ? አንቺ የምታደርጊውን አደረግን። ጋኑን በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልይው አልነበር? ውኃው በረዶ ይሆን አልነበር? እኛም ፎጣና አንሶላ እያራስን የገንዳዎቹን አፍ በሙሉ አለበስናቸው። እንዴት ያለን ብልሆች ነን ተባባልን። አባይነሽ ጴንጤ ናት፤ ይህ አልበቃ ብሏት እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ ስትጸልይ ቆየች። ጸሎቱ አልከፋም፣ እጇ ላይ ያለው ቅባት ነው እንጂ፤ ውኃው ላይ ዘይት አንሳፈፈበት።

ሰኞ አሌክስ መጥቶ አንሶላዎቹን ሲያይ ጭንቅላቱን ያዘ። ሸክላ ይተነፍሳል፣ መስታወት አይተነፍስም። ገንዳ የሚቀዘቅዘው ውኃው ከላይ በኩል እየተነነ ነው፤ እኛ አፍነነዋል። በእነሱ አቆጣጠር ቴርሞሜትሩ ዘጠናን፣ በእኛው ሠላሳ ሁለትን፣ አልፎ ነበር። ተቆጣ እንዳልልሽ አልተቆጣም፤ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ ገፈፈ፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

በሳምንቱ ውስጥ ኮራሎቹ መንጣት ጀመሩ። በመጀመሪያ ጫፍ ጫፋቸው፣ ከዚያ ሁለመናቸው። ሥጋቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ አጥንታቸው ከውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ። እኔ ሞቱ ብዬ በጣም የነጡትን እያለቀስኩ በጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ከተትኳቸው። አፉን ቋጥሬ ወደ ውጭ ስወጣ አሌክስ በሩ ላይ ደረሰብኝ፤ ከእጄ ነጥቆ ፈታው።

“ሞቷል ማን አለሽ? ነጭ ነው እንጂ ዴድ አይደለም። ስትረስ ነው፣ ኦኬ? ዌይት አድርጊ።”

ተጨንቆ ነው፣ ጠብቂ ማለቱ ነው። ሁሉንም ወደ ገንዳው መለሳቸው። የሞተና የነጣ በምን ይለያል ብዬ ጠየቅሁት። የሞተው ይሸታል፣ ዝቃጭ ይወርሰዋል፤ የነጣው ግን ርቦት ነው፣ ምግብ ስታስጠጊለት አፉን ይከፍታል አለኝ። ሞክሬ አየሁ። ከፈቱ እኮ! መብራቱን ቀንሰን፣ ውኃውን ቀስ በቀስ አቀዝቅዘን፣ እንደ ሕፃን በጠብታ ማብላት ጀመርን። ሁሉም ዳኑ ብዬ አልዋሽሽም፤ ሲሶው አለቀ። የቀሩት ግን ወር ከሁለት ወር በኋላ ደብዘዝ ያለ ቡኒ ነገር ከሥራቸው ታየባቸው።

አንድ ቀን እያበላሁ ሳለ አሌክስን አንድ ነገር ጠየቅሁት። እነዚያ አልጌዎች የሚያበሉት ከሆነ ኮራሉ ለምን አወጣቸው? ምን አደረጉት? ምንም አላደረጉትም አለኝ። ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ምግብ ይሠሩበት የነበረው ሥራ ራሱ ይበላሽና መርዝ ማውጣት ይጀምራል። እነሱም ይቃጠላሉ፣ ቤቱም ይቃጠላል። ጥላቻ የለበትም፤ ሙቀቱ ነው። ካስወጣቸውም በኋላ የሚራበው እሱ ራሱ ነው። ደግሞ አንዲት ነገር ጨመረልኝ፤ ሁሉም አይወጡም፣ ጥቂቶች ሥጋው ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ፣ ለዓይን አይሞሉም እንጂ አሉ፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ተመልሰው የሚባዙት እነሱ ናቸው አለኝ።

ያን ቀን ስለ በርሽ አሰብኩ።

እናቴ ሆይ፣ ይህን ፊት ለፊት ብልሽ ይሻለኛል፤ አስር ዓመት ሙሉ ተቀይሜሻለሁ። ሰኔ 1990 ጦርነቱ መጣና ከአሰብ ስንወጣ፣ ዕቃችን መኪና ላይ ተጭኖ፣ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ደጁን ዘግቶ፣ እኔ አንቺን ሳልሰናበት አልሄድም ብዬ ሮጥኩ። አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰባት ጊዜ አንኳኳሁ። ውስጥ እንዳላችሁ አውቅ ነበር፤ ደጁ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ነበረ፣ ያንቺ ነጠላ ጫማና የእሱ አፉ የተቀደደ ሸራ። እማዬ እኔ ነኝ አልኩሽ። አልከፈትሽም። እናቴ መጥታ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። መኪናው ላይ ሆኜ ከእንግዲህ አንድ እናት ብቻ ነው ያለኝ አልኳት። አፍሽን ያዢ፣ ምን እንደደረሰባት ምን እናውቃለን አለችኝ። አዳማ ላይ ነፍሷ እስክታርፍ ድረስ አንድም ቀን በክፉ አላነሣችሽም። እኔ ግን ያን በር በልቤ ይዤው ውቅያኖስ ተሻገርኩ።

አሁን ስለ አንዱ ኮራል ልንገርሽና ልጨርስ። ይኸኛው ከሌሎቹ ጋር በመጋዘኑ በኩል የመጣ አይደለም። ከእኛው ባሕር የተነሣ ነው። ስንት አገር ውኃ እንደተቀያየረበት እግዜር ይወቀው፤ በመጨረሻ በደቡብ በኩል፣ በሜክሲኮ ድንበር ገባ። አዲስ የመጣ ነገር ከሌላው ተለይቶ መቆየቱ ሕግ ነውና ሦስት ወር ለብቻው አቆዩት። ተቀባይ ሲፈለግ የእኔ ስልክ ቁጥር ተገኘ። እኔና ነጋሽ ስምንት ሰዓት ነድተን ሄደን፣ ፈርሜ ተረከብኩት። ጥቅምት ላይ ነው።

ባየሽው ኖሮ እናቴ። አጥንቱ ብቻ። የነጣ። ነጋሽ ወደ ጎን ወሰደኝና ይኼ ይተርፋል ወይ አለኝ። እኔም እንደ አሌክስ ሆኜ ዌይት አድርግ አልኩት። የጓዳውን መጋረጃ ዘጋንለት፤ ብርሃን አይወድም ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት አፉን እንኳ አልከፈተም። ከዚያ ትንሽ ሾርባ፣ ከዚያ ትንሽ ፍትፍት። አሌክስ ኮራል ፍትፍት አይበላም ይላል፤ ይኸኛው ይበላል። አሁን ወዙ ተመልሷል። ባለፈው ዓርብ ዓሣ ጠብሼ ሰጠሁት። ጭንቅላቱን ለመጨረሻ አስቀመጠው። እኔም አልነጠቅሁትም፤ ቁጭ ብዬ እስኪጨርስ አየሁት።

እሑድ ከምሳ በኋላ ደግሞ ያን በር ከውስጥ በኩል ሰማሁት። ለመንገዳችን ዳቦ ጋግረሽ ነበር አሉ። ከእሳት እንደወጣ በነጠላሽ ጠቅልለሽ ልታመጪልን ስትነሺ፣ ማዶ ቆመው የሚያዩ ሰዎች በመስኮት ታዩሽ። የከፈተ ምን እንደሚደርስበት ተነግሯችሁ ነበር። አንቺ ለራስሽ አልፈራሽም፤ አጠገብሽ ለቆመው ነው የፈራሽው። ጀርባሽን ለበሩ ሰጥተሽ ቆምሽ። ሰባቱንም ጊዜ ሳንኳኳ በጀርባሽ ሰማሽኝ። ትኩሱን ዳቦ ደረትሽ ላይ እንደያዝሽ፣ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ አላስቀመጥሽውም። በግራ በኩል አቃጥሎሽ ጠባሳው ዛሬም አለ። ዳቦውን ማንም እንዳይነካው አልሽ፤ ሦስት ቀን ሳይቆረስ ሰነበተ።

ይህን ማን እንደነገረኝ አትጠይቂኝ። ደጁ ላይ የነበረው ሁለት ጥንድ ጫማ ብቻ መሆኑን ግን አስታውሺ።

ስለዚህ እናቴ፣ እለምንሻለሁ፣ ለተዝካር ያሰናዳሽውን እህል ለፋሲካ አድርጊው። ጎረቤት ጠርተሽ አብዪበት። ጥቁሩንም አውልቂ። ምን አገኘሽ ብለው ሲጠይቁሽ፣ አስር ዓመት ያኮረፈችኝ የጡት ልጄ ታረቀችኝ፣ እርቅ በጥቁር አይከበርም በያቸው። ውሸት አይደለም። ይቅርታ የምጠይቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ለፈረድኩብሽ፣ ላልጻፍኩልሽ ዓመታት ሁሉ ይቅር በዪኝ። እናቴ ይህን ሳትሰማ ማለፏ ብቻ ይቆጨኛል። ብትሰማ ኖሮ አላልኩሽም ትለኝ ነበር።

አባይነሽ እጅ ነስታለች፤ እጇን ውኃ ውስጥ መንከር ትታለች። ነጋሽ አንድ ቀን ዓሣ እንድትጠብሺለት ይመኛል፤ የኔን አይወድም። ለሚያነብልሽም ሰው ድካሙን እግዚአብሔር ይቁጠርለት፤ የድንጋይ ወሬ ስላበዛሁበት ይቅር ይበለኝ።

ዕድሜሽን ያርዝምልን፤ ዓይንሽን ከነፋስ፣ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልን። አንቺም እንደ ልማድሽ ወደ ባሕሩ ዞረሽ መርቂን። ይደርሰናል።

በግራ እጅሽ ይዘሽ ያሳደግሽኝ ልጅሽ ነኝ። ቀኝ እጅሽም ባዶ አይደለም።